ቅንጣቶችን የቆጠረው መምህር፦ ሳትየንድራ ናት ቦስ

በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘውን የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ስም በየዕለቱ እንጠራለን፤ ትርጉሙን ልብ የምንለው ግን ጥቂቶች ነን። ንፋስ ስልክ ማለት ሽቦ የሌለው ስልክ ማለት ነው። በአካባቢው ቀደም ባለው ዘመን የገመድ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያ ተተክሎ ነበር። በእንጨት ምሰሶና በሽቦ የሚሄደውን ስልክ አስቀድሞ የለመደው ሕዝብ፣ ሽቦ የሌለውን ባየ ጊዜ መልእክቱን ነፋስ የሚያደርሰው ያህል ቆጥሮ ይህን ስም አወጣለት። ስሙም ከጣቢያው አልፎ የሰፈሩ፣ በኋላም የክፍለ ከተማው መጠሪያ ለመሆን በቃ።

በፊዚክስ ሚዛን ከመዘንነው ስሙ ጉድለት አለበት። መልእክቱን የሚያደርሰው ነፋስ ሳይሆን ኤሌክትሮማግኔታዊ ሞገድ ነው፤ ሞገዱም አየር በሌለበት ባዶ ሕዋ ሳይቀር በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ይሁን እንጂ ስሙን ያወጡት ሰዎች ሊናቅ የማይገባው ተግባር ፈጽመዋል። ለማያውቁት ነገር በሚያውቁት ቋንቋ ስም ሰጥተዋል። ይህን ነጥብ አንባቢው በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከኳንተም ፊዚክስ መሥራቾች አንዱ የነበረውን፣ ከዚያም የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲንና የዩኒቨርሲቲ መሪ የሆነውን ሕንዳዊ የፊዚክስ ሊቅ ሳትየንድራ ናት ቦስን ነው። ስሙ በዓለም ላይ በየቀኑ ይነሣል። «ቦሶን» የሚለው ቃል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 መገኘቱ የተነገረው የሂግስ ቦሶንም ጭምር፣ መጠሪያውን ያገኘው ከእርሱ ነው። የሰውዬው ታሪክ ግን በእኛ አገር ተማሪዎች ዘንድ እምብዛም አይታወቅም። (በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የካልካታው ተማሪ

ቦስ የተወለደው ጥር 1 ቀን 1894 በካልካታ ከተማ ነው። አባቱ በባቡር ኩባንያ ተቀጥረው የሚሠሩ ሰው ነበሩ። በትምህርቱ፣ በተለይም በሒሳብ፣ ገና ከልጅነቱ ጎልቶ ታየ። በካልካታ በሚገኘው ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ሲገባም ሁለት ታላላቅ መምህራን ጠበቁት። አንዱ የኬሚስትሪው ሊቅ ፕራፉላ ቻንድራ ሬይ ሲሆን ሌላው የፊዚክሱ ሊቅ ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ ነው። መምህሩና ተማሪው ስማቸው ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም።

ስለ ጃጋዲሽ ጥቂት ብንል ከንፋስ ስልክ ወሬያችን አንወጣም። ይህ መምህር እ.ኤ.አ. በ1895 ገደማ በካልካታ ሕዝብ ፊት ባሳየው ሙከራ፣ በግድግዳ አልፎ የሚሄድ የማይታይ ሞገድ ልኮ ከወዲያ ማዶ ያለ ደወል አስደውሏል። የተጠቀመባቸው ሞገዶች ርዝመታቸው በሚሊ ሜትር የሚለካ ነበር። ማርኮኒ በአውሮፓ ስሙ ከመግነኑ በፊት ማለት ነው። ጃጋዲሽ ከሥራው ገንዘብ ለማግኘት ብዙም የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። ለተማሪዎቹ ያወረሰው ትልቁ ነገር፣ ቅኝ በተገዛች አገር ውስጥ በራስ እጅ በተሠራ መሣሪያ የዓለም ደረጃ ያለው ምርምር ሊካሄድ እንደሚችል በዓይናቸው ማሳየቱ ይመስለናል።

ወጣቱ ቦስ የማስተርስ ዲግሪውን በሒሳብ በ1915 በአንደኝነት አጠናቀቀ። ሁለተኛ የወጣው የክፍል ጓደኛው ሜግናድ ሳሃ ነበር፤ እርሱም በኋላ የከዋክብትን ብርሃን ለመተንተን የሚያገለግለውን እኩልነት በማግኘት ታዋቂ ሆኗል። አንደኛውና ሁለተኛው ወዲያው በካልካታ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የሳይንስ ኮሌጅ መምህራን ሆኑ። ችግሩ የሚያስተምሩት ፊዚክስ በዚያው ሰሞን እየተለወጠ መሆኑ ነበር። አዲሱ ትምህርት የሚጻፈው በጀርመንኛ ነው፤ በአውሮፓ ደግሞ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ይነድዳል፤ መጻሕፍትና መጽሔቶች አይመጡም። ሁለቱ ወጣቶች ያገኙትን መጽሐፍ ተዋሱ፤ ጀርመንኛም ተማሩ። ከዚያም አንስታይንና ሚንኮቭስኪ ስለ አንጻራዊነት የጻፏቸውን ጽሑፎች ወደ እንግሊዝኛ ተረጎሙ። ትርጉሙን የካልካታ ዩኒቨርሲቲ በ1920 በመጽሐፍ አሳተመው።

የቀጥቃጩ ብረትና የፕላንክ ሕግ

በ1921 በዳካ ከተማ (ዛሬ የባንግላዴሽ ዋና ከተማ) አዲስ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ቦስም በፊዚክስ መምህርነት ወደዚያ ሄደ። እዚያ ካስተማራቸው ርዕሶች አንዱ የፕላንክ የጨረር ሕግ ነበር። የቦስን ሥራ ለመረዳት ይህን ሕግ ማወቅ ግድ ስለሆነ ትንሽ እናብራራው።

ብረት ቀጥቃጭ ከሰል ውስጥ የከተተውን ብረት አስቡ። ብረቱ መጀመሪያ ሙቀት ብቻ ይረጫል፤ ለዓይን የሚታይ ነገር የለውም። ወደ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ደብዛዛ ቀይ ይሆናል። ግለቱ ሲጨምር ብርቱካንማ፣ ከዚያም ቢጫ፣ እያደርም ወደ ነጭ ይጠጋል። የሚያስገርመው ነገር በምድጃው ውስጥ ያለው ጨረር ቀለም የሚወሰነው በመጠነ ሙቀቱ እንጂ በብረቱ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ብረትም ይሁን መዳብ ወይም ሸክላ፣ በተዘጋ ምድጃ ውስጥ እኩል እስከሞቁ ድረስ ጨረሩ አንድ ነው። እንዲህ ያለ ከቁሱ ዓይነት ነጻ የሆነ ሕግ ሲገኝ የፊዚክስ ሰዎች እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊዚክስ ይህን ጨረር ለማስላት ሲሞክር የማይሆን መልስ አገኘ። ድግግሞሹ ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር የጨረሩ ኢነርጂ ያለ ወሰን ይጨምራል አለ። እውነት ቢሆን ኖሮ እናቶቻችን ምድጃ በለኮሱ ቁጥር በአልትራቫዮሌት ጨረር በተቃጠሉ ነበር። ማክስ ፕላንክ በታኅሣሥ 1900 በርሊን ላይ መፍትሔውን አቀረበ። ኢነርጂ እንደ ውኃ ያለማቋረጥ አይፈስም፤ እንደ ሳንቲም ተቆጥሮ በጥቅል በጥቅል ይሰጣል፤ የጥቅሉም መጠን ከድግግሞሹ ጋር ያድጋል አለ። (ፕላንክ ራሱም በ1913 የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሬክተር ሆኖ ነበር። የኳንተም አባትና የዩኒቨርሲቲ መሪ መሆን ከእርሱ ይጀምራል።) በ1905 ደግሞ አንስታይን፣ ብርሃን ራሱ ከእነዚህ ጥቅሎች የተሠራ ነው ብሎ አንድ እርምጃ ገፋበት። ዛሬ ፎቶን የምንላቸው እነዚህን ነው።

የፕላንክ ቀመር ከልኬት ጋር በሚገባ ይስማማል። ሆኖም ለሚያስተምር ሰው የሚቆረቁር ነገር ነበረው። ቀመሩ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው። የመጀመሪያው፣ በምድጃው ውስጥ ስንት ዓይነት ርግብግብታ ሊኖር እንደሚችል የሚናገር ሲሆን የሚገኘው ከአሮጌው የሞገድ ትምህርት ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ርግብግብታ በአማካይ የሚይዘውን ኢነርጂ የሚናገር ሲሆን የሚገኘው ከአዲሱ የጥቅል ሐሳብ ነው። ግማሽ ጎኑ በድንጋይ፣ ግማሽ ጎኑ በጭቃ የተሠራ ቤት ማለት ነው። ቤቱ ቆሟል፤ ለምን እንደቆመ ግን መምህሩ ለተማሪው ማስረዳት አይችልም። ቦስን ያላስተኛው ይህ ነበር።

ሁለት የቡና ፍሬ፣ ሁለት ስኒ

የቦስ መፍትሔ ሞገድን ፈጽሞ መተው ነበር። በምድጃው ውስጥ ያለውን ብርሃን እንደ ጋዝ፣ ማለትም ኢነርጂና እንድርድሪት እንዳላቸው ብዙ ቅንጣቶች ቆጠረው። ቅንጣቱ ሊገኝባቸው የሚችሉትን ሁኔታዎች ሁሉ፣ ቦታውንና እንድርድሪቱን አጣምሮ፣ በትናንሽ ክፍሎች ሸነሸናቸው። የአንዱ ክፍል መጠን የፕላንክ ቋሚ ቁጥር ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ብርሃን የሚርገበገብባቸው ሁለት ነጻ አቅጣጫዎች ስላሉት ውጤቱን በሁለት አባዛ። እነሆ፣ ከሞገድ ትምህርት ብቻ ይገኛል ይባል የነበረው የመጀመሪያው ቁጥር ክፍሎቹን በመቁጠር ብቻ ተገኘ። ሁለተኛውን ቁጥር ያገኘበት መንገድ ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። እሱን ለማየት ወደ ቡና ገበታ እንሂድ።

ጀሞ ወይም ላፍቶ ያለ አንባቢ ከረከቦቱ ሁለት ስኒ ያንሣ፤ ሁለት የቡና ፍሬም ይያዝ። ፍሬዎቹ ሳይታይ በዘፈቀደ ወደ ስኒዎቹ ይጣሉ እንበል። ስንት ዓይነት ውጤት አለ? አንዷን ፍሬ «ታላቅ»፣ ሌላይቱን «ታናሽ» ብንላት አራት ውጤቶች እናገኛለን። ሁለቱም ከቀኙ ስኒ፤ ሁለቱም ከግራው ስኒ፤ ታላቅ ከቀኝ ታናሽ ከግራ፤ ታናሽ ከቀኝ ታላቅ ከግራ። አራቱም እኩል ዕድል አላቸው። ስለዚህ ፍሬዎቹ ተለያይተው የመገኘታቸው ዕድል ከአራት ሁለት፣ ማለትም ግማሽ ነው። መቶ ጊዜ ብትሞክሩት ወደ 50 ጊዜ ያህል ተለያይተው ታገኟቸዋላችሁ። ቦልትዝማን የጋዝ ቅንጣቶችን የቆጠረው በዚህ መንገድ ነበር።

አሁን በፍሬዎቹ ፋንታ ሁለት ፎቶኖች አሉ እንበል። አንድ ዓይነት ድግግሞሽ ያላቸው ሁለት ፎቶኖች በምንም መንገድ ሊለዩ አይችሉም። የቡና ፍሬ የቱንም ያህል ቢመሳሰል በአጉሊ መነጽር ሲታይ ልዩነት አይጠፋውም፤ በሁለቱ ፎቶኖች መካከል ግን ልዩነቱ የሌለው በዓይናችን ድካም ሳይሆን በተፈጥሮ ነው። ስለዚህ «ታላቅ ከቀኝ ታናሽ ከግራ» እና «ታናሽ ከቀኝ ታላቅ ከግራ» የሚሉት ሁለት ውጤቶች ሳይሆኑ አንድ ናቸው። የውጤቱ ብዛት ከአራት ወደ ሦስት ይወርዳል። ሦስቱም እኩል ዕድል ሲሰጣቸው፣ ፎቶኖቹ በአንድ ስኒ አብረው የመገኘታቸው ዕድል ከግማሽ ወደ ሁለት ሦስተኛ ያድጋል። አንዱ ሌላውን የሚስብ ምንም ጉልበት ሳይኖር፣ ከቆጠራው ብቻ፣ ፎቶኖች መሰባሰብ የሚወዱ ሆነው ይገኛሉ! ቦስ እንዲህ ቆጥሮ የፕላንክን ሕግ ሙሉ በሙሉ አገኘው።

ይህ መሰባሰብ የሒሳብ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በንፋስ ስልክ ሰማይ ላይ የሚያልፈው የስልክ ሞገድም ፎቶን ነው። በ900 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ የእጅ ስልክ በአንድ አምስተኛ ዋት ኃይል ሲያሠራጭ በየሰከንዱ ከ300,000 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ፎቶኖች ይለቃል። ይህ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ውስጥ ተደራርቦ መገኘት ስለሚችል ነው ለስላሳና የማይቆራረጥ ሞገድ ሆኖ የምናገኘው። ኤሌክትሮኖች እንዲህ አይደሉም፤ በአንድ ሁኔታ ውስጥ ከአንድ በላይ አይገቡም። ሁለት ኤሌክትሮንና ሁለት ስኒ ቢኖር ያለው ውጤት አንድ ብቻ ነው፤ እያንዳንዳቸው በየስኒያቸው። የዚህኛውን ቆጠራ ሕግ ፌርሚና ዲራክ በ1926 አገኙት። ዲራክም በኋላ ተሰብሳቢዎቹን ቅንጣቶች በቦስ ስም ቦሶን፣ ብቸኞቹን በፌርሚ ስም ፌርሚዮን አላቸው።

አንድ ጥያቄ እንተውላችሁ። ሦስት ቅንጣቶችና ሦስት ስኒዎች ቢኖሩ፣ ሦስቱም ቅንጣቶች በአንድ ስኒ የመገኘታቸው ዕድል ለቡና ፍሬ ስንት፣ ለቦሶን ስንት ይሆናል? መልሱን ከጽሑፉ መጨረሻ ታገኙታላችሁ፤ ከመመልከታችሁ በፊት ግን ወረቀትና እርሳስ አንሡ።

የሰኔው ደብዳቤ

ቦስ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ ለአንድ የብሪታንያ መጽሔት ላከው፤ አልታተመለትም። ሰኔ 4 ቀን 1924 ጽሑፉን ከአጭር ደብዳቤ ጋር በቀጥታ ለአንስታይን ላከ። ሥራው ይገባው እንደሆነ እንዲያይለትና ከተስማማበት በጀርመንኛ እንዲታተም እንዲያደርግለት ጠየቀው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንስታይንን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመ ሰው፣ አሁን አንስታይን የእርሱን ጽሑፍ ወደ ጀርመንኛ እንዲተረጉምለት መለመኑ ነው። አንስታይን በዚያ ጊዜ በዓለም ላይ ከሁሉ የታወቀ ሳይንቲስት ነበር፤ ቦስ ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪ የሌለው የ30 ዓመት መምህር።

አንስታይን በገዛ እጁ ተርጉሞ፣ ሥራው ትልቅ እርምጃ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወሻ ጨምሮበት በዚያው ዓመት አሳተመው። ከዚያም የቦስን ቆጠራ ከብርሃን ወደ አቶሞች አሸጋገረ። ጋዝ እጅግ ሲቀዘቅዝ አቶሞቹ በብዛት ወደ ዝቅተኛው ሁኔታ ገብተው እንደ አንድ አካል ይሆናሉ ብሎ ተነበየ። ይህ የቦስ–አንስታይን ጥግግት የተባለው ክስተት በቤተ ሙከራ በጋዝ የታየው ከ70 ዓመት በኋላ፣ በ1995 ነው። ኮርኔልና ዊማን በአሜሪካ ኮሎራዶ የሩቢዲየም አቶሞችን ከፍጹም ዜሮ በላይ ከአንድ ሚሊዮንኛ ዲግሪ በታች አቀዝቅዘው አገኙት። ከኬተርሌ ጋር በ2001 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ቦስ ራሱ ኖቤል አላገኘም።

ከደብዳቤው በኋላ የዳካ ዩኒቨርሲቲ ለቦስ የሁለት ዓመት የጥናት ፈቃድ ሰጠው። በፓሪስ ከላንዥቫንና ከማሪ ኩሪ ጋር ተዋወቀ፤ በሞሪስ ደ ብሮይ ቤተ ሙከራ ውስጥ የኤክስሬይ ሥራ ተማረ፤ በበርሊን አንስታይንን አገኘው። ለአንስታይን የላከውን ሁለተኛ ጽሑፍ አንስታይን ተርጉሞ ቢያሳትምለትም በሐሳቡ እንደማይስማማ ጽፎ ነበር። ትልቅ ሰው ማድነቅም መቃወምም እንዲህ በግልጽ ሲሆን ደስ ይላል።

ወንበሩና ዋጋው

በ1926 ወደ ዳካ ሲመለስ የፕሮፌሰርነት ቦታ ተወዳደረ። ዶክትሬት ስለሌለው ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ የአንስታይን ምስክርነት ረዳው። ፕሮፌሰርና የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆነ። ለ20 ዓመታት ያህል በዚያ ሲቆይ የኤክስሬይ ቤተ ሙከራ አቋቋመ፤ ከውጭ የሚገዛበት ገንዘብ ባልተገኘ ጊዜ መሣሪያዎችን እዚያው አሠራ፤ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኖም አገለገለ። በ1945፣ ሕንድ ለሁለት ከመከፈሏ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ወደ ካልካታ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ።

እዚህ ላይ በጥሞና ልንመለከተው የሚገባ ጥያቄ ይነሣል። ቦስ ከ1924 በኋላ ያን የሚመጥን ሥራ አላወጣም። ከእርሱ ጋር እኩል የነበሩት የአውሮፓ ወጣቶች፣ ሃይዘንበርግ፣ ፓውሊና ዲራክ፣ በእነዚያ ዓመታት ኳንተም ሜካኒክስን ገነቡ። ቦስ ግን ኬሚስትሪውንም፣ ክሪስታሉንም፣ ቋንቋውንም፣ ሙዚቃውንም እየነካካ፣ የተማሪ ችግር እየፈታና ቤተ ሙከራ እያደራጀ ኖረ። አንዳንዶች «ጊዜውን አባከነ» ይሉታል። ፊዚክስ በዚህ የከሰረው ነገር እንዳለ መካድ አይቻልም። የትምህርት ክፍል ኃላፊነት ቀኑን የሚበላ ሥራ መሆኑን የምናውቅ ሁሉ ኪሳራው ቀላል አለመሆኑን እንረዳለን። ነገር ግን ዳካ በ1926 ቦስን ባታገኝ ኖሮ ማን በዚያ የኤክስሬይ ቤተ ሙከራ ያቆም ነበር? በርሊን አንድ ሊቅ ሲቀርባት ሌላ ትተካለች፤ ዳካ የምትተካው አልነበራትም። ሒሳቡን ስንሠራ በሁለቱም ወገን መጻፍ አለብን።

በቤንጋሊ ሳይንስ

በ1948 ቦስ በካልካታ «ባንጊያ ቢግያን ፓሪሻድ» የተባለውን የቤንጋል የሳይንስ ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ «ግያን ኦ ቢግያን»፣ ማለትም «ዕውቀትና ሳይንስ» የተሰኘ መጽሔት በቤንጋሊ ቋንቋ ማሳተም ጀመረ። ቦስ በቤንጋሊ ሳይንስን ማስተማር አይቻልም የሚሉትን ሰዎች፣ ወይ ቤንጋሊ አያውቁም፣ አለዚያም ሳይንሱን አያውቁም እያለ ይተቻቸው እንደነበር ይነገርለታል። ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎርም በቤንጋሊ የጻፈውን የሳይንስ መጽሐፍ በ1937 ሲያሳትም መታሰቢያነቱን የሰጠው ለቦስ ነበር።

ይህ ጉዳይ የእኛም ነው። በአንደኛ ደረጃ ሳይንስን በአማርኛ የተማረ የአዲስ አበባ ልጅ ከፍ ወዳለ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ያን ጊዜ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መማር ይገደዳል፤ ፊዚክሱንና ፊዚክሱ የተጻፈበትን ቋንቋ። ብዙ ተማሪ ፊዚክስ የከበደው እየመሰለው የሚወድቀው በቋንቋው ነው ብለን እናምናለን። አማርኛችን ቃል አጥቶ አይደለም። «ሽምጠጣ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ፍጥነት በጊዜ ውስጥ የሚያሳየውን ለውጥ ለመሰየም ከፈረስ ግልቢያ የተወሰደ ነው። ፈረስ ሲሸመጥጥ ያየ ልጅ ፍጥነትና ሽምጠጣ የተለያዩ መሆናቸውን ግማሹን ተረድቶ ይመጣል። «እፍግታ»ም እንዲሁ ነው፤ ታፍጎ የተሞላ ማዳበሪያና ላላ ብሎ የተሞላ ማዳበሪያ ክብደታቸው እንደማይተካከል ገበሬው ያውቃል። «መጠነ ቁስ»፣ «ሞገድ»፣ «ድግግሞሽ» ሥራቸውን የሚሠሩ ቃላት ናቸው።

ችግር የለም ማለታችን አይደለም። ጉልበት፣ ኃይልና ኢነርጂ በዕለት ንግግራችን ስለሚቀላቀሉ በፊዚክስ መለየታቸው ያስቸግራል። ለ«ኳንተም»ና ለ«ፎቶን» የአማርኛ ቃል መፈለግም አስፈላጊ አይመስለንም፤ ጀርመኑም ሕንዱም እንዳሉ ወስደዋቸዋል። ቃሉ ከየት መጣ ከሚለው ይልቅ አንባቢው በቃሉ ማሰብ ይችላል ወይ የሚለው ይበልጣል። ንፋስ ስልክን የሰየሙት ሰዎች ያለ አካዳሚና ያለ መዝገበ ቃላት፣ ሁሉም ወዲያው የተረዳው ቃል አውጥተዋል። የጎደለውን፣ ማለትም ነፋስ እንደማያስፈልገው ማስረዳቱ፣ የፊዚክስ መምህር ድርሻ ነበር።

የቦስ የመጨረሻው ትልቅ ኃላፊነት ከዚሁ ሐሳቡ ጋር የተያያዘ ነው። በ1956 ታጎር በሻንቲኒኬታን የመሠረተውን የቪስቫ ባራቲ ዩኒቨርሲቲ በምክትል ቻንስለርነት እንዲመራ ተሾመ። በብሪታንያ ልማድ ቻንስለሩ የክብር ሰው ስለሆነ ዩኒቨርሲቲውን በተግባር የሚመራው ምክትሉ ነው። ቅኔ፣ ሙዚቃና ሥዕል በገነኑበት በዚያ ተቋም ሳይንስን ለማጠናከር ጣረ፤ ሹመቱ ግን ጥቂት ዓመታት ብቻ የቆየ ነበር። በ1958 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አባል አድርጎ መረጠው፤ ከታላቅ ሥራው 34 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያም በሕንድ መንግሥት ብሔራዊ ፕሮፌሰር ተብሎ ተሰየመ። የቆጠራውን 50ኛ ዓመት ለማክበር በጥር 1974 ሳይንቲስቶች በካልካታ ሲሰበሰቡ በዓይኑ አየ፤ የካቲት 4 ቀን በዚያው ዓመት በ80 ዓመቱ ዐረፈ።

ከባንጋሎር እስከ አራት ኪሎ

ወላጆቻችሁን ወይም አያቶቻችሁን ብትጠይቁ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሯቸው ሕንዳውያን መምህራን እንደነበሩ ይነግሯችኋል። የሕንድ ፊዚክስ በእኛ አገር ያለው ድርሻ በዚያ አላበቃም። ቦስ ምሰሶ ባቆመለት የስታቲስቲካል ፊዚክስ ዘርፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1997 ያገኙት በባንጋሎር ከሚገኘው የሕንድ ሳይንስ ተቋም ነው።

ዶክተር ሙሉጌታ የማስተርስ ዲግሪያቸውን በአሜሪካ ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ይዘው ወደ አገራቸው ተመልሰው ሲያስተምሩ ደርግ ለዓመታት አሰራቸው። በእስር ቤት ውስጥ አብረዋቸው ለታሰሩት ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። አንባቢያችን ለአፍታ ያስብበት። ቤተ ሙከራ የለም፤ የተሟላ መጽሐፍ የለም፤ ያለው መምህሩ በጭንቅላቱ የያዘውና ተማሪው የሚሰማበት ቋንቋ ብቻ ነው። ከእስር ሲፈቱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሱ። ዶክትሬታቸውን ሲጨርሱም የተመለሱት ወደዚያው፣ ወደ አራት ኪሎ ነው፤ ወጣት ተመራማሪዎችን እየመሩ በጥቃቅን ዓለም ውስጥ ሙቀት እንዴት ወደ እንቅስቃሴ እንደሚለወጥ አጥንተዋል። የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በ2012 ለሰብአዊ መብትና ለትምህርት ነጻነት ለተሟገቱ የፊዚክስ ሰዎች በሚሰጠው በአንድሬ ሳካሮቭ ስም በተሰየመው ሽልማት፣ ከሃርቫርዱ ሪቻርድ ዊልሰን ጋር አክብሯቸዋል።

የጥያቄው መልስ

ለሦስት የቡና ፍሬዎችና ለሦስት ስኒዎች፣ እያንዳንዷ ፍሬ ሦስት ምርጫ ስላላት ሦስት ጊዜ ሦስት ጊዜ ሦስት፣ ማለትም 27 ውጤቶች አሉ። ሦስቱም በአንድ ስኒ የሚገኙባቸው ሦስት ናቸው፤ ስለዚህ ዕድሉ 3/27 ወይም 1/9፣ ማለትም ወደ 11 በመቶ ነው። ለቦሶኖች የሚቆጠረው በየስኒው ስንት እንዳለ ብቻ ነው። ሦስቱ በአንድ ስኒ የሚሆኑባቸው 3 ውጤቶች፣ ሁለቱ በአንድ ስኒ አንዱ በሌላ የሚሆኑባቸው 6 ውጤቶች፣ በየስኒው አንድ አንድ የሚሆኑበት 1 ውጤት፤ በድምሩ 10 ናቸው። ዕድሉ 3/10፣ ማለትም 30 በመቶ ይሆናል። ለፌርሚዮኖች ያለው ውጤት አንድ ብቻ ስለሆነ ሦስቱም በአንድ ስኒ የመገኘታቸው ዕድል ዜሮ ነው። ሒሳቡን ለአራት ቅንጣቶችና ለአራት ስኒዎች የሠራችሁት እንደሆነ፣ ለቦሶን የምታገኙት የውጤቶች ብዛት 35 መሆን አለበት።